ሠሪው ያልታወቀ ማሰሮ

በእርጅና የሚመጣ በሽታ አይመረጥም። ጎረቤቴን ስኳር ያዛት፣ ታናሽ እህቴን ደም ግፊት ያዛት፣ እኔን ደግሞ ታሪክ ያዘኝ። የእነሱ ቢያንስ ኪኒን አለው። የእኔ ግን ባየሁ ቁጥር ይብስብኛል። አንድ ሰው «እዚህ ቦታ ድሮ እንዲህ ሆኖ ነበር» ብሎ ጣቱን ከቀሰረ፣ በማግስቱ እኔን የምታገኙኝ መናኸሪያ ነው።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። መሠረተ ትምህርት ጨርሼ እስከ አራተኛ ክፍል ገፋሁ። ያቆምኩት ሰንፌ አይደለም። አስተማሪያችን ስለ ሩቅ አገር ነገሥታት ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራ ስለ እኛ ስለ አሪ ሕዝብ አንድ መስመር አልነበረውም። «የእኛስ?» ብዬ ጠየቅሁት። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «እዚህ ውስጥ የላችሁም» አለኝ። የሌለሁበትን መጽሐፍ ስገለብጥ የምውልበት ምክንያት አልታየኝም። የቀረውን በእግሬ እማራለሁ ብዬ ደብተሬን ዘጋሁ።

በእግሬ የተማርኩትን ላውራችሁ። የሰው ልጅ ጥንታዊ አጥንት ከኦሞ ወንዝ ዳር ተገኘ ሲባል ሰማሁና፣ ካንጋተን ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ የእህቴ ልጅ ጋ በእንግድነት ሄድኩ። መንገዱ የወገቤን አጥንት ለሚቀጥለው ትውልድ ቅርስ ሊያደርገው ምንም አልቀረውም ነበር። የሚያሳየን ሰው ተፈልጎ ተገኘ። በዚያ ሙቀት ከከተማው አውጥቶ፣ ብዙ አስኪዶ፣ አንድ ገላጣ ቦታ ላይ አቆመን።

«እዚህ ነው» አለ።

የማየው አፈር ነው። አጥንቱ የት እንዳለ ጠየቅሁት። አዲስ አበባ ነው አለኝ። እና እኛ ምን ልናይ መጣን ስለው፣ ምንም ሳያፍር «የተወሰደበትን ቦታ» አለኝ። እኔም ያንን ቦታ በደንብ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ደግሜ ለማየት የሚያበቃ ነገር አልነበረውም። ለሌላው የደረሰው አጥንቱ፣ ለእኛ የደረሰን ጉድጓዱ።

ሌላ ጊዜ ወይጦ አጠገብ የድሮ ምሽግ አለ ተባልኩ። ብሄድ ድንጋዩን አንስተው የሻይ ቤት መሠረት አድርገውታል። ባለቤቷ ሴትዮ ደግ ነበረች፤ ግድግዳውን በእግሯ መታ መታ አድርጋ «ይሄው፣ እዚህ ላይ ነው ያለው» አለችኝ። ታሪኩ ላይ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። በእሷ አልፈርድም፤ ቢያንስ እሷ የት እንዳስገባችው ታውቃለች።

እንግዲህ እዚሁ ጂንካ የቅርስ ማሳያ ክፍል ተከፈተ ሲባል ልቤ እንዴት እንደዘለለ ገምቱ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ብናገር ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ንጹሕ ይመስላችኋል። የፋሲካ ቀሚሴን ለበስኩ፣ መነጽሬን በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩ፣ ዳገቱን እያረፍኩ ወጣሁ።

ክፍሉ ውስጥ ዶማ አለ። «ባህላዊ የእርሻ መሣሪያ» ተብሎ በጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ተነጥፎለት ተጋድሟል። በዚያች ሰዓት የእኔ ዶማ ጓሮዬ ውስጥ አፈር ላይ ተሰክታ ነበር፤ እሷ ቅርስ ያልሆነችው ሥራ ስላላት ይሆናል። ከዶማው ቀጥሎ የሐመሮች ትንሿ በርጩማ አለች፤ ከጎኗ «መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ለመቀመጥ የተሠራች ነገር ላይ እንዳይቀመጡ የሚከለክል ሰው ደመወዝ እንደሚበላ ያን ቀን ገባኝ።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት አለፍኩት። ታሪክ የሚወድ ሰው ብዙ ነገር ይችላል። ማሰሮዋ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ።

የቡና ቅጠል ማፍያ ማሰሮ ናት። አንገቷ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ያለ፣ ከከንፈሯ ሥር ሦስት የጥፍር ምልክት ያለባት። ጂንካ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ዳብሳ የማን ሥራ እንደሆነች ትነግራችኋለች። ቅዳሜ ገበያ ከታች በኩል፣ ዛፉ ሥር ከምትቀመጠው ሸክላ ሠሪ በቀር በዚያ ቦታ ጥፍሯን የምታሳርፍ የለችም። የአውራ ጣቷ ጫፍ በልጅነቷ ስለተቆረጠ አንገቱን ስታዞር ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብልባታል። እኔ ቤት እንዲህ ያለ አራት አለ።

ከማሰሮዋ ሥር ያለው ወረቀት ግን እንዲህ ይላል፦ «ጥንታዊ ማሰሮ። ሠሪው ያልታወቀ።»

መነጽሬን አውልቄ ወለወልኩና ደግሜ አነበብኩት። አልተለወጠም። በመጀመሪያ፣ በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራ ወንድ ኖሮ አያውቅም። ሁለተኛ፣ ያልታወቀች የተባለችው ሴት ከዚህ ክፍል ቁልቁል ድንጋይ ቢወረወር አጠገቧ በሚደርስበት ርቀት ላይ በየሳምንቱ ተቀምጣ ትውላለች። ዝናብ አያስቀራትም።

ባለሙያውን ጠራሁት። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ፣ ትሑት ወጣት ነው። ትሕትናው ነው የበለጠ ያናደደኝ፤ በሰው ላይ እንዳትጮህ እጅህን ይይዝሃል። እኔ ግን ጮህኩ። ስለ ካንጋተን አጥንት አነሳሁበት፣ ስለ ምሽጉ አነሳሁበት፣ ስለማያውቀው ስለ አራተኛ ክፍል አስተማሪዬ ሳይቀር አነሳሁበት። የሠራችው ሴት በሕይወት እያለች አልታወቀችም ማለት ከስርቆት አይለይም አልኩት። ሊጎበኙ የመጡ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዶማውን ትተው እኔን መጎብኘት ጀመሩ።

ባለሙያው ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ፣ «እማማ፣ በጣም ጥሩ ግብዓት ነው» አለኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ፎርም አወጣ። የቅርሱ ዓይነት፣ የመረጃ ሰጪ ስም፣ የሠሪ ሙሉ ስም እስከ አያት። የመረጃ ሰጪው ላይ የእኔን ስም ከነአያቴ ጻፈ። በቆንጆ ጽሕፈት ነው የጻፈው፤ ወድጄዋለሁ።

«የሠሪዋ ስም ማን ልበል?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ።

ሠላሳ ዓመት። ሠላሳ ዓመት ከእሷ እጅ ማሰሮ ገዝቻለሁ፣ ተከራክሬያታለሁ፣ ተኳርፌ ታርቄያታለሁ፣ ልጄን ስድር ድግሱን ያበሰልኩት በእሷ ድስት ነው። ከአፌ የወጣው ግን «ባለ ማሰሮዋ» የሚል ነበር።

«ባለ ማሰሮዋ ማን?»

«ባለ ማሰሮዋ ናታ። ገበያ ያለችው።»

ባለሙያው ብዕሩን አስቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔን ላለማሳፈር ይመስላል፣ «እማማ፣ እኛም ያልታወቀ ያልነው ለዚሁ ነው እኮ» አለኝ። ከዩኒቨርሲቲ ሰዎቹ አንዱ ሳል ያዘው።

ዳገቱን ወረድኩ። ያላወቅሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ሰምቼ ልጽናና ብዬ ጎረቤቶቼን ስሟን ጠየቅኋቸው። አንዷ «የታቿ» ትላታለች። ሌላዋ «ጣተ ቆራጣዋ» ትላታለች። ሦስተኛዋ፣ በየጸሎት ቀኑ ስለ ሰው ልጆች እኩልነት እየሰበከች የምታስለቅሰን፣ «ስም አላት እንዴ?» አለችኝ፤ ወዲያው ግን አፏን በእጇ ያዘች። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ ሸክላ ሠሪ ከበራፍ አታልፍም ነበር። ማሰሮዋን ደጅ ታኖራለች፣ የዋጋዋ እህል መሬት ላይ ይቀመጥላታል፣ ከእሷ ጋር አይበላም፣ ለልጇ ልጅ አይዳርም። ዛሬ ያ ቀርቷል ብለን በየስብሰባው እናጨበጭባለን። ስሟን መጠየቁን ግን ማናችንም አላስታወስንም።

ቅዳሜ ገበያ ወረድኩ። ማሰሮ የምገዛ መስሏት አንዷን በጣቷ ቆርቁራ ድምፁን አሰማችኝ። እሷ እንደዚያ ነው የምትሸጠው፤ ጥሩ የተተኮሰ ሸክላ ሲመቱት ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ያጉረመርማል። ለመግዛት እንዳልመጣሁ ነገርኳትና በአሪኛ ስሟን ጠየቅኳት። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ለምንድን ነው?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ብሎ ስም የሚጠይቅ የለም» አለች። «ግብር ነው?»

አይደለም አልኳት። እርዳታ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እሱም አይደለም አልኳት። ፊቷ ይበልጥ ጠቆረ። ከዚህ በፊት ስሟ የተመዘገበ ጊዜ የማኅበር አባል ተብላ፣ ሌላ ዛፍ ሥር ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብላ ፎቶ ተነስታ፣ ሁለቱም ቀን ገበያዋ እንዳመለጣት አጫወተችኝ። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ማሰሮዋ፣ ስለ ወረቀቱ አስረዳኋት። አላመነችኝም። በመጨረሻ ዕቃዋ እስኪያልቅ አጠገቧ ከተቀመጥኩ እንደምታስብበት ነገረችኝ። ቃሌ ቃል ነው፤ ከማሰሮዎቹ መሃል ተቀመጥኩ።

እዚያ ተቀምጬ ያየሁትን በየትም ታሪካዊ ቦታ አላየሁም። ሰው ሁሉ ወደ ማሰሮው እንጂ ወደ እኛ አያይም። በየእሑዱ እጄን ይዛ የምትስመኝ ሴት መጥታ፣ አጎንብሳ አንዱን ድስት እያገላበጠች፣ «አንቺ፣ ይሄ ይሻላል ያ?» አለችኝ። በድምፄ ነው ያወቀችኝ። ስታውቀኝ ድስቱን እንደ ትኩስ ነገር ለቀቀችው፤ ከዚያ ጉንጬን ሳመችኝና ምን ሆኜ እዚያ እንደተቀመጥኩ ጠየቀችኝ፤ ታምሜ እንደሆነ። ባለ ማሰሮዋ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ገበያው ሲበተን ስሟን ነገረችኝ። ማርታ ጋርሾ። የአያቷን ግን ማሰሮዋን በዓይኗ ሳታይ እንደማትሰጥ ቁርጡን ነገረችኝ።

ሰኞ አብረን ዳገቱን ወጣን። በሩ ላይ ጥበቃው ለእኔ ከወገቡ ጎንበስ አለ፤ እሷን ግን መታወቂያ ጠየቃት። የእኔንስ ለምን አልጠየቅህም አልኩት። እኔን እንደሚያውቀኝ ነገረኝ። ስሜ ማን እንደሆነ ስጠይቀው «እማማ» አለኝ። እንግዲያው እኔም ያልታወቅሁ ነኝና መታወቂያዬን ተቀበል ብዬ አሳየሁት፤ የእሷን ሳያነብ መለሰላት፤ የእኔን ግን ከፊት ከኋላ እንዲያነበው አደረግሁት። ከኋላችን ሰልፍ ተሠራ። ፍትሕ ጊዜ ይወስዳል፤ ይጠብቁ።

ባለሙያው ፎርሙን ይዞ ጠበቀን። ማርታ ለፎርሙም ለእሱም ጊዜ አልነበራትም። በቀጥታ ማሰሮዋ ጋ ሄዳ አንገቷን ይዛ አነሳቻት።

ባለሙያው ደነገጠና መንካት ክልክል መሆኑን ተናገረ። ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፤ አትንኪ እያለ ነው አልኳት።

«ከጭቃነቷ ጀምሬ ስነካት የት ነበር?» አለች፤ ይህን ለእሱ አልተረጎምኩለትም። በጣቷ ቆረቆረቻት። ማሰሮዋ አጉረመረመች። ማርታ ፊቷን እንደ መራራ ነገር አጨማደደች፣ ማሰሮዋን መልሳ አስቀመጠች፣ እጇንም በቀሚሷ ጠረገች።

 የእሷ ባትሆንስ? በጥበቃው ፊት፣ በዩኒቨርሲቲው ፊት፣ በጎረቤቶቼ ሁሉ ፊት ያን ያህል ጮኼ። የሌላ ሴት ሥራ እንደሆነ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኳት።

«የእኔ ናት» አለች። «መጥፎዋ የእኔ ናት። ልጄ ታማ ሐኪም ቤት ላደርሳት ስቸኩል ማሰሮዋን ሳትደርቅ ተኮስኳት። ለገዛችኝ ሴትዮም እሳት ላይ እንዳትጥዳት ነግሬያታለሁ። እህል መያዣ እንድታደርጋት ነበር። ማን ነው እዚህ ያመጣት?»

ባለሙያው ከአንድ ቤት የዶሮ ማደሪያ በስተጀርባ በቅርስ ማሰባሰብ ዘመቻ እንደተገኘች አስረዳ። ይህን ለማርታ ተረጎምኩላት። ከዚያ ስሟ እዚህች ማሰሮ ላይ እንደማይጻፍ ነገረችኝ። አገር ምድሩ እየመጣ የማርታ እጅ እንዲህ ነው ሲል ልትኖር ነው? ለሠላሳ ዓመት ያወጣቻቸው ደህናዎቹ በየሰው ማጀት ተቀምጠው፣ ሰው የሚያያት በዚህችው ልትሆን ነው?

ባለሙያው ሲተረጎምለት ፊቱ በራ። «እንግዲህ ፈቃደኛ ካልሆኑ፣ ያልታወቀ በሚለው እንቀጥል» አለ።

እዚህ ላይ ነው የነደድኩት። በአንድ ወገን እሱን በአማርኛ፣ በሌላ ወገን እሷን በአሪኛ ያዝኳቸው። እሱን፣ ሠሪዋ ፊትህ ቆማ አልታወቀችም ብለህ የምትጽፈው ዓይንህ ምን ሆኖ ነው አልኩት። እሷን፣ አንቺ ከተውሽው ነገ የሌላ አገር ሰው መጥቶ የእኔ ነው ይልሻል፣ ልጆችሽም የተወሰደበትን ቦታ ሊያዩ ዳገት ይወጣሉ አልኳት። ደህና ማሰሮ ሠርታ ብታመጣስ ብዬ ጠየቅሁት። አዲስ ማሰሮ በመመሪያው ቅርስ አይባልም አለኝ። ስንት ዓመት ትጠብቅ ስለው መመሪያውን ከመሳቢያ ሊያወጣ ሄደ፤ መሳቢያው አልከፈት አለው፤ ሲጎትተው ሙሉ በሙሉ ከቦታው ወጣና ወረቀቱ ሁሉ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን መልቀም ጀመርን። የየትኛው ቅርስ ወረቀት የትኛው እንደሆነ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደለዩት አላውቅም።

ማርታ ወረቀት እየለቀመች ስታስብ ቆየች። ከወለሉ ሳትነሳ፣ እውነቱ ሁሉ የሚጻፍ ከሆነ ስሟን እንደምትሰጥ ተናገረች። ግማሹ ብቻ ከሆነ ግን አትሰጥም። ባለሙያው ወረቀቱ ትንሽ መሆኑን አነሳ። ትልቅ ወረቀት ይፈለግ አልኩት። ተፈለገ፤ ተገኘ።

እሷ በአሪኛ ትላለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሰዋለሁ፣ እሱ በዚያ በቆንጆ ጽሕፈቱ ይጽፋል። ወረቀቱ እንዲህ ሆነ፦

«የቡና ቅጠል ማፍያ ማሰሮ። የሠራችው ማርታ ጋርሾ ዳልቃ ናት። ጥንታዊ አይደለችም። ልጇ ታማ ስለቸኮለች ማሰሮዋ ሳትደርቅ ተተኩሳለች፤ ስለዚህ ስንጥቅ አለባት። ልጅቷ ድናለች። ማርታ ከዚህ የተሻለ ትሠራለች፤ ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ገበያ በታች በኩል፣ ዛፉ ሥር ይምጣ።»

ባለሙያው ደግሞ አነበበውና እንዲህ ያለ ገላጭ ጽሑፍ በሥልጠናው እንዳላየ ተናገረ። ቢሆንም አልቀደደውም። ትንሽ ቆይቶ «ልጅቷ ድናለች» የሚለውን በጣቱ እያሳየ፣ ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀ። ያነበበ ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ አይሄድም፤ በየቀኑ አንተ ከምትመልስ ተጽፎ ይቀመጥ አልኩት። ተስማማ።

የቀረ ቦታ ነበር። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ሁለት ጣት የሚያህል። ባዶ ቦታ ሲባክን ማየት አልወድም። ማን ፈልጎ አገኛት የሚለውም ታሪክ ነው፤ ታሪክ ደግሞ እንዳይጎድል የምጠነቀቅ ሰው ነኝ። ማርታ ከወለሉ ቀና ስትል፣ ልክ እሷ እንዳለችው አስመስዬ፣ ድምፄን ሳልለውጥ፣ «ይህ እውነት የታወቀው በወይዘሮ» ብዬ ስሜን ከነአባቴ ለባለሙያው መናገር ጀመርኩ። እሱም ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ገበያ የምትውል ሴት አማርኛ አትሰማም ብላችሁ እንዳትታለሉ።

«እኔ እንዲህ አላልኩም» አለች ማርታ፣ በአማርኛ፣ ለእሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ማሰሮ መርጦ የሚገዛ ሰው የሚያይበትን ዓይነት ዓይን ነው ያየችኝ።

«አንቺ የትኛዋን ሠራሽ?»

በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ አየሁ። ዶማውን፣ በርጩማዋን፣ ማሰሮዋን። አንዱም የእኔ አልነበረም። ባለሙያው ብዕሩን ከደነና ወረቀቱን ማሰሮዋ ሥር ለጠፈው፤ ከግርጌው ሁለት ጣት የሚያህለው ቦታ ባዶውን ቀረ። የአያቴ ስም አፌ ውስጥ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ ዳገቱን ስንወርድ ዋጥኩት።